ቱቦው ለምን ረዘመ?

በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ጠላቂ ዋናተኛ የሚተነፍሰው ይዞት የወረደውን አየር ብቻ ነው። እዚያ የተበላሸ ነገር ቢኖር ቁጭ ብሎ መጠገን አይቻልም፤ ጮኾ ሰው መጥራትም የለም። ስለዚህ የትኛው ቱቦ በየት በኩል ይለፍ፣ መለኪያው የት ይንጠልጠል፣ ተለዋጩ መተንፈሻ ደረት ላይ ይሁን ወይስ አገጭ ሥር የሚሉት ጥያቄዎች የምቾት ወይም የመልክ ጉዳይ አይደሉም። ሆኖም ብዙ የስኩባ፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ይዘው የሚወርዱ፣ ጠላቂዎች ዕቃቸውን የሚያደራጁት አሠልጣኛቸው እንደዚያ አድርጎ ስላሳያቸው፣ ባለሱቁ ገጣጥሞ ስለሸጠላቸው፣ ወይም የሚያደንቁት ጎበዝ ጠላቂ ሲያደርገው ስላዩ ነው። ይህ ልማድ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። የአደረጃጀት ዋጋ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው፤ በዚያች ደቂቃ የሚተርፈው ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ ለምን በቦታው እንደተደረገ የሚያውቅ ሰው ነው። ቅርጹን ብቻ የቀዳ ሰው ክብደቱን ተሸክሟል፤ ጥበቃውን ግን አላገኘም።

የዕቃን ምክንያት ከአደጋ የመማር ልማድ ጎልቶ የታየው በአሜሪካዋ ሰሜን ፍሎሪዳ ነው። የአካባቢው መሬት የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ከሥሩ በጠራ ውሃ የተሞሉ ረጃጅም ዋሻዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እነዚህን ዋሻዎች ለማየት የገቡ ብዙ ሰዎች በዚያው ቀርተዋል። ሼክ ኤክስሊ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር፣ ራሱም የዋሻ ጠላቂ፣ የእነዚህን ሰዎች የአደጋ ዘገባ እያገላበጠ እያንዳንዱ ምን አድርጎ፣ ምንስ ሳያደርግ ቀርቶ እንደሞተ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ዋሻ ጠለቃ ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍም ያገኘውን አስቀመጠ። ሞት የሚደጋገመው በጥቂት ምክንያቶች ነበር፦ እስከ መውጫው ድረስ የሚመራ ያልተቋረጠ ገመድ አለመዘርጋት፣ ከአየሩ ሁለት ሦስተኛውን ለመመለሻ አለማስቀረት፣ በተራ አየር ከሚገባው በላይ መጥለቅ። የአየሩ ሕግ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ሦስተኛ ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛ ለመውጫ ነው፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ የጓደኛ ነው፣ ዋሻው ጫፍ ላይ ሲደርሱ አየሩ ቢያልቅበት አብሮ እንዲወጣበት። ኤክስሊ እ.ኤ.አ. በ1994 በሜክሲኮ ዛካቶን በተባለው እጅግ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አደጋውን አስቀድሞ አጥንቶ ሕጉን ከዚያ የማውጣት ዘዴው ግን ተከታይ አገኘ።

በዚያው አካባቢ ይጠልቅ የነበረው ቢል ሆጋርዝ ሜይን ከላዩ ላይ የማያስፈልገውን ሁሉ በመቀነስ ይታወቅ ነበር። በስሙ የተጠራውን አደረጃጀት በዚያው በፍሎሪዳ ባሉት የዋኩላ ምንጭ ዋሻዎች ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚገቡ ቡድኖች አዳበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ግሎባል አንደርዋተር ኤክስፕሎረርስ የተባለው የጠላቂዎች ድርጅት ደግሞ በሥልጠና መልክ ከፍሎሪዳ አውጥቶ ለዓለም አዳረሰው። መለያው 2 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቱቦ ነው። የተለመደው የመተንፈሻ ቱቦ አንድ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ረጅሙ ቱቦ ከቀኝ ትከሻ ኋላ ተነሥቶ በጎን ይወርዳል፣ ወገብ ላይ በታሰረው የባትሪ ቀፎ ሥር ያልፋል፣ ደረትን አቋርጦ አንገትን ከኋላ ይዞርና አፍ ይደርሳል። የረዘመው የዋሻ ጠባብ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ ነው። አየር ያለቀበትና አየር የሰጠው ሰው አንዱ ከሌላው ኋላ ሆነው፣ ከአንድ ሰው ሲሊንደር እየተነፈሱ እንዲወጡ ቱቦው የሰው ቁመት ያህል መዘርጋት አለበት።

ከርዝመቱ ይልቅ ማሰብ የሚጠይቀው ግን ለተቸገረው የሚሰጠው መተንፈሻ የትኛው ነው የሚለው ነው። በተለመደው ሥልጠና ጠላቂው በአፉ ያለውን እንደያዘ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቢጫ ተለዋጭ ይሰጣል። በፍሎሪዳው አሠራር በአፉ ያለውን አውጥቶ ይሰጥና እሱ አገጩ ሥር በላስቲክ የታሰረውን ይጎርሳል። ለሰሚው ግራ ያጋባል፤ ሕይወቱን ከአፉ አውጥቶ የሚሰጥ ማን ነው? ነገር ግን አየር ያጣ ሰው የሚያምነው በዓይኑ ሲሠራ ያየውን ነው፤ ደንግጦ ቢነጥቅም የሚነጥቀው እሱን ነው። በአፍ ያለው መተንፈሻ እየሠራ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲንጠለጠል የቆየው ግን አሸዋ ሊገባበት፣ ኮራል ላይ ሊፈተግ ይችላል። የተለያየ ጋዝ የተሞሉ ብዙ ሲሊንደሮች ለያዘ ሰው ደግሞ፣ በዚያ ጥልቀት ጉዳት ሳያደርስ ሊተነፈስ እንደሚችል የተረጋገጠው አሁን እየተተነፈሰ ያለው ነው። ከሁለቱ ሰዎች የተረጋጋው ሰጪው ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት ሴኮንድ አፉን ባዶ የማድረጉን ችግር እሱ ይሸከማል። ተለዋጩ የት እንዳለም በጨለማ ቢሆን ሳይፈልግ ያውቀዋል፤ አገጩ ሥር ነውና።

አሁን ወደ ጠላቂው ጭንቅላት ኋላ ጠጋ ብለን ቫልቮቹን እንያቸው። ሁለት ሲሊንደሮች በአንድ ማገናኛ ተያይዘው ሲታዘሉ ግራና ቀኝ ሁለት የቫልቭ እጀታዎች ይኖራሉ። ጠላቂው ወደ ፊት እየዋኘ የዋሻውን ጣሪያ ቢታከክ የግራው እጀታ ወደ መዝጊያው፣ የቀኙ ወደ መክፈቻው ይዞራል። ሳይታሰብ ሊዘጋ የሚችለው እንግዲህ የግራው ነው። ለተቸገረ ሰው የሚሰጠው ረጅም ቱቦ ከቀኙ ቫልቭ እንዲነሣ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ጠላቂውን የሚያንሳፍፈው ከረጢት የሚነፋበት ቱቦም ከቀኙ ይመጣል፤ ውሃ የማያስገባው ደረቅ ልብስ የሚነፋው ግን ከግራው ነው፤ አንዱ ወገን ቢቋረጥ መንሳፈፊያው ሁሉ አብሮ እንዳይሄድ። መሐል ላይ ያለው ሦስተኛ ቫልቭ ኦሪንግ የሚባለው የጎማ ቀለበት ተበጥሶ አየር ማምለጥ ሲጀምር ሁለቱን ሲሊንደሮች ለያይቶ ግማሹን ያተርፋል። መለኪያና መጠባበቂያ ባትሪ የሚንጠለጠሉበት የብረት ቆልፍ ደግሞ ከዕቃው ጋር የሚታሰረው በሲባጎ ነው እንጂ ብረት ከብረት ጋር አይያያዝም፤ ቆልፉ አልከፈት ቢል ሲባጎ በቢላ ይቆረጣል። እነዚህን ምክንያቶች የማያውቅ ሰው ረጅሙን ቱቦ በግራው ቫልቭ ላይ ቢገጥመው በፎቶ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ልዩነቱ የሚታወቀው ጣሪያውን ሲታከክ፣ ያውም ጓደኛው ከዚያ ቱቦ እየተነፈሰ ሳለ ነው።

ምክንያት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እንደ ወረደ መቅዳትን አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው። ወደ ታች ለመውረድ ወገብ ላይ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደት እንውሰድ። በክፍት ባሕር አንድ ጊዜ ስቦ ሁሉንም እርሳስ መጣል የሚያስችል ቆልፍ ነፍስ ያድናል፤ የደከመው ሰው ወደ ላይ ይንሳፈፋልና። በዋሻ ውስጥ ያው ቆልፍ በስሕተት ቢከፈት ሰውየውን ጣሪያ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ ወደ መውጫው መዋኘት ጭንቅ ነው። ልብስም እንደዚሁ ነው። ወፍራም የጎማ ልብስ የሚንሳፈፈው በውስጡ በታሰሩ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ነው፤ ጥልቀት ሲጨምር አረፋዎቹ ይጨመቁና ልብሱ የማንሳፈፍ አቅሙን ያጣል። በዚህ ላይ ሁለት ከባድ የብረት ሲሊንደሮች የተሸከመ ሰው ከረጢቱ ቢቀደድበት ዋኝቶ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። የፍሎሪዳዎቹ ጠላቂዎች ብረቱን የደፈሩት ደረቁ ልብስ ሁለተኛ መንሳፈፊያ ስለሆነላቸው ነው። ሙሉ ትጥቁን በፎቶ አይቶ የገዛና በሞቃቱ ቀይ ባሕር በጎማ ልብስ የሚጠልቅበት ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀውን ነገር ትቶ የቀረውን ቀድቷል።

ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለመተውም አይቸገርም። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኢንጂነር ኤሚል ጋኛ እ.ኤ.አ. በ1943 ዘመናዊውን መተንፈሻ ሲሠሩና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ ጠላቂዎች የአየር መለኪያ አይዙም ነበር። መተማመኛቸው መጠባበቂያ ቫልቭ ነበር፤ መተንፈስ ሲከብድ በጎን የወረደውን ዘንግ ስበው ጥቂት የቀረውን አየር ይለቁታል። ችግሩ ዘንጉ አስቀድሞ በአንድ ነገር ተነክቶ ወርዶ ከሆነ ነው፤ መጠባበቂያው ሳይታወቅ ተተንፍሶ ያልቅና ጠላቂው ዘንጉን ሲፈልግ የሚያገኘው ባዶ ሲሊንደር ይሆናል። መለኪያው ሲስፋፋ "ምን ያህል ቀረኝ?" የሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ አገኘ። ዘንጉ ለምን እንደነበረ የገባው ሰው በዚያው ተወው።

በዛሬው የመዝናኛ ጠለቃ በሰፊው የሚነገረውን "50 ባር ሲቀርህ ላይ ሁን ወይም ለመውጣት ተነሣ" የሚል ምክርም በዚሁ ዓይን መመርመር ይገባል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ በ50 ባር ግፊት የሚቀረው 600 ሊትር አየር ነው። በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ አራት እጥፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ አራት እጥፍ አየር ይወስዳል። ሁለት የደነገጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው በውሃው ገጽ ስሌት በደቂቃ 30 ሊትር ቢተነፍሱ፣ እዚያ ታች ነገሩን ለማስተካከል የምታልፈው አንዲት ደቂቃ 240 ሊትር ትበላለች። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ ላይ ለመድረስ 500 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። 5 ሜትር ላይ ለጥንቃቄ የሚደረገው የሦስት ደቂቃ ቆይታ 270 ሊትር ይጨምራል። ድምሩ 1,010 ሊትር ይደርሳል፤ በዚያ ሲሊንደር 84 ባር ማለት ነው። 50 ባር ለአንድ ሰው በ10 ሜትር ላይ በቂ ሊሆን ይችላል፤ በ30 ሜትር ላይ ለሁለት ሰው ግን አይበቃም። ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ጠላቂ ይህን አያየውም፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ግን በአራት መስመር ስሌት ይደርስበታል። ሁለት መተንፈሻ ተሸክሞ ለሁለት የሚበቃ አየር አለመያዝ ደግሞ ተለዋጩን ለይስሙላ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው በሞቃት፣ በጠራና ጥልቀቱ ባልበዛ ውሃ ውስጥ ተከራይቶ በለበሰው ዕቃ ይጠልቃል፣ በሰላምም ይወጣል፤ የዋሻ ጠላቂዎችን ፍልስፍና በእሱ ላይ መጫን ለምን? በከፊል እስማማለሁ። ለእንዲህ ያለው ጠላቂ ሁለት ሜትር ቱቦ አያስፈልገውም፤ ጣሪያ የለበትም፣ መውጫው ከራሱ በላይ ነው። ይህን ያልኩት ግን ምክንያቱን አውቄ ነው። በሰላም መውጣቱ ብቻውን አደረጃጀቱ ትክክል ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በአብዛኛው ቀን ምንም ነገር አይበላሽምና። "ለዓመታት እንዲህ ነው የምጠልቀው" የሚል ሰው ያረጋገጠው ዕቃው ተፈትኖ ማለፉን አይደለም፤ የመፈተኛው ቀን እስካሁን አለመምጣቱን ነው። ተከራይቶ የሚጠልቀውም ሰው ሦስት ነገር ቢያውቅ አይበዛበትም፦ ጓደኛው አየር ቢያጣ የትኛውን መተንፈሻ እንደሚሰጥ፣ እርሳሱ እንዴት እንደሚጣል፣ ወጥቶ እስኪያበቃ ለሁለት ሰው ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላው ጫፍ ይመጣል። ሁሉም ሰው በራሱ ምክንያት ዕቃውን ካደራጀ ቡድን የሚባል ነገር ይፈርሳል፤ ስለዚህ አንድ ወጥ አደረጃጀት ይታወጅ፣ ክርክር ይብቃ ይላሉ። የአንድ ወጥነትን ጥቅም አልክድም። በጨለማ ውስጥ የጓደኛዬ ተለዋጭ መተንፈሻ የት እንዳለ ካወቅኩ፣ የእሱም ቢላ ከእኔ ጋር በአንድ ቦታ ከሆነ፣ ፍለጋ የሚበላው ሴኮንድ ይቀራል። ነገር ግን አንድ መሆን ራሱ ምክንያት ያለው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም የጋራ ዕርዳታ ነው። ብቻውን የሚሠራ ጠላቂ፣ ወይም ጥንድ ሲሊንደር በጀርባ ተሸክሞ ሊሾልክ በማይችልበት ስንጥቅ የሚገባ፣ በዚህ ምክንያት አይያዝም። ለዚያ ነው በእንግሊዝ ጠባብ ዋሻዎች ሲሊንደርን በጎን መያዝ የተለመደው፣ ኋላም ፍሎሪዳዎቹ ራሳቸው የተቀበሉት። ስለ አንድ ወጥ አደረጃጀት የተደረገው ክርክር በአንድ ወቅት በጣም መሮ፣ የተለየ ዕቃ የያዘን ሰው እስከ መስደብ የደረሱ ነበሩ። ይህ ጉዳት አለው። ሰው ሲሰደብ ምክንያቱን መስማት ያቆማል፤ ወይ እልኽ ይገባል፣ ወይ ፈርቶ ሳይገባው ይቀዳል። በሁለቱም መንገድ ትምህርቱ ይጠፋል።

በጣም የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ጀማሪን በምክንያት ብዛት አታጨናንቀው፣ "ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ" በለው፣ ምክንያቱ ከልምድ ጋር ይመጣል የሚለው። አሠልጣኞች ይህን የሚሉት ከቅን ልብ ነው፤ ልምምድም ያለ ጥርጥር ከማብራሪያ በላይ እጅን ያሠለጥናል። ይሁንና ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ በድንጋጤ ሰዓት ቀድሞ የሚረሳ ነገር ነው። ከጠለቃ ውጭ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። የነፍስ አድን ጃኬታቸውን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ የነፉ መንገደኞች ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ተገፍተው መውጣት እንዳቃታቸው በስፋት ተዘግቧል። በዚያ ሰቆቃ ውስጥ የነበረን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ጃኬት ሲነፋ ያድናል የሚለው የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። "ከመውጣትዎ በፊት አይንፉ" የሚለውን ማስታወቂያ የሰማ ብዙ ነው፤ የተነፋ ጃኬት ውሃ ወደ ሸፈነው በር ጎንበስ ብሎ መጥለቅን እንደሚከለክል የተነገረው ግን ስንቱ ነው? አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች፤ አሥር ሴኮንድ አትወስድም። ጀማሪ ጠላቂም የሚያስፈልገው ስለ ቫልቭ ምሕንድስና ትምህርት አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር "አለበለዚያ ይህ ይሆናል" የምትል አንዲት ሐረግ ነች።

በአገራችን ጠላቂ ዋናተኛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የባሕር ቱሪስትን አይደለም፤ በወንዝ፣ በኩሬና በውሃ ጉድጓድ የሰጠመ ሰው ፍለጋ የሚገቡትን የእሳትና የአደጋ ሠራተኞች ነው። የእነሱ ውሃ ጭቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የገዛ እጅ አይታይበትም። ከታች ሽቦ፣ ሥራሥር፣ ቆርቆሮ፣ ከከተማ የወረደ ቆሻሻ አለ። በስኩባ መጽሔቶች ላይ የሚታየው ትጥቅ የተሠራው ለሌላ ጥያቄ ነው። መለኪያው ሊነበብ በማይችልበት ውሃ ውስጥ ጊዜውን የሚይዘው ዳር ላይ ገመዱን የያዘው ባልደረባ ነው፤ ንግግሩም በገመድ መሳብ ነው። ዋሻ ውስጥ ነፍስ የሚያድነው ረጅም ቱቦ እዚህ ሥራሥር ላይ ሊጠላለፍ ይችላል፤ ብቻውን በገመድ ለሚወርድ ሰው ከዋናው የተለየ ትንሽ ሲሊንደር ይሻለዋል። መቁረጫውም አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ፣ አንደኛው እጅ ቢያዝ በሌላኛው የሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት። በቆሻሻ ውሃ ደግሞ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ጭንብል እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም፤ አፍና አፍንጫን ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። የስኩባ የጥልቀትና የቆይታ ሠንጠረዦች መነሻቸው የባሕር ጠለል ነው፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ማስተካከያ ይፈልጋሉ። ጣና ሐይቅ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ያህል ብቻ። በባሕር 10 ሜትር የጠለቀ ሰው ሲወጣ ግፊቱ በግማሽ ይቀንስለታል፤ በጣና ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ የመሆን ዕድሉም ይጨምራል። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ከውጭ የተገዛ ወይም በዕርዳታ የመጣ የጠላቂ ኮምፒውተር እጅ ላይ ስለታሰረ ብቻ ይህን ያውቃል ማለት አይቻልም፤ ከፍታውን እንዲያሰላ ካልተሠራ ወይም ካልተስተካከለ ለአሰብና ለባሕር ዳር አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጣል። እንግዲህ ለእነዚህ ባለሙያዎች ዕቃ ሲገዛ የጨረታ ሰነዱ ላይ የዕቃ ስምና ብዛት ብቻ ሊሰፍር አይገባም። ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ የትኛውን አደጋ ለመመለስ እንደተፈለገ፣ በምን ዓይነት ውሃና በምን ከፍታ ላይ እንደሚሠራ ይጻፍ፤ ውሃው ውስጥ የሚገቡት ሰዎችም ሰነዱ ሲዘጋጅ ይጠየቁ። አቅራቢው ለዚያ አምድ መልስ ማቅረብ ካልቻለ ዕቃው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አይገዛ።